ፍርዱ ከችሎቱ በፊት ያልቃል

አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ለሙግት ጥበብ ትልቅ ክብር አለው። በበላ ልበልሃ ዘመን ተሟጋች የሚመዘነው በአንደበቱ ነበር። ነገር አዋቂ የሚባለው ቆሞ፣ ምሳሌ እያጣቀሰ፣ ባላጋራውን መልስ የሚያሳጣ ሰው ነው። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ነገሩ የተነካበት፣ የሚደብቀው ያለው ይመስላል። ይህን ልማድ ይዞ አሜሪካ የገባ ሰው አንድ ማለዳ የፌዴራል መርማሪ በሩን ቢያንኳኳ የመጀመሪያ ሐሳቡ «ላስረዳቸው» የሚል ነው። እውነት ይዣለሁና ይረዱኛል፤ ባይረዱኝም ዳኛ ፊት ቀርቤ እከራከራለሁ ብሎ ያምናል። እኔ የምሟገተው ይህ እምነት በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሰውን ለአደጋ እንደሚያጋልጥ ነው። በዚያ ሥርዓት የአብዛኛው ተከሳሽ ዕጣ የሚወሰነው ምስክር ከመሰማቱ በፊት፣ በሩ ከተንኳኳበት ሰዓት አንሥቶ የጥፋተኝነት ድርድሩ እስከሚፈረምበት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። መከላከያውም መጀመር ያለበት እዚያው፣ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ የፍርድ ቤቶቹ የራሳቸው መዝገብ ነው። ፒው የተባለው የምርምር ማዕከል መዝገቡን መርምሮ እንዳወጣው፣ በ2022 የበጀት ዓመት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጉዳያቸው እልባት ካገኘ 71,954 የፌዴራል ተከሳሾች መካከል ተከራክረው በነጻ የተሰናበቱት 290 ብቻ ናቸው። ከሺህ ሰው አራቱ ማለት ነው። ወደ 90 በመቶ የሚጠጉት ጥፋተኛነታቸውን አምነዋል፤ 8 በመቶ ያህሉ ክሳቸው ተቋርጧል፤ እስከ ሙሉ ክርክር የሄዱት 2 በመቶ ገደማ ናቸው። በ1998 ወደ ክርክር ይሄድ የነበረው 7 በመቶ ነበር። በፊልም የምናየው ችሎት፣ ጠበቃው ፍርድ እንዲሰጡ ከተመረጡት ዜጎች፣ ከጁሪው፣ ፊት እየተመላለሰ የሚናገርበት፣ ከመቶ ሁለት ሰው የሚደርሰው ነገር ሆኗል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ በ2012 በሰጠው ውሳኔ የዛሬው የወንጀል ፍትሕ በአብዛኛው በእምነት ቃል እንጂ በክርክር የሚሠራ አለመሆኑን በግልጽ አስፍሯል።

ይህ እንዴት ሆነ ቢባል፣ ሥልጣኑ ቀስ በቀስ ከዳኛውና ከጁሪው እጅ ወጥቶ ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ ስለተከማቸ ነው። የፌዴራል ምርመራ ብዙ ጊዜ ተጠርጣሪው ሳያውቅ ወራት ይፈጃል። ሰውየው ሲያዝ የባንክ መዝገቡ፣ ኢሜይሉ፣ የስልክ ልውውጡ አስቀድሞ መርማሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ ደርሷል። ከባድ ወንጀል ከሆነ ክሱ ግራንድ ጁሪ ለሚባል፣ ከ16 እስከ 23 ዜጎች ለሚቀመጡበት ጉባኤ ይቀርባል፤ ክስ ለመመሥረት የ12ቱ ድምፅ ይበቃል። በዚያ ክፍል ውስጥ ዐቃቤ ሕግ አለ፣ ምስክር አለ፤ ዳኛም ተከላካይ ጠበቃም የለም። በ2010 ዐቃብያነ ሕግ ካንቀሳቀሷቸው 162,000 ያህል የፌዴራል ጉዳዮች ውስጥ ግራንድ ጁሪ ክስ አልመሠርትም ያለባቸው 11 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጊዜው ይሮጣል። አንድ ሰው ከተያዘ በ30 ቀን ውስጥ ክስ ሊመሠረትበት እንደሚገባ በ1974 የወጣው ሕግ ያዝዛል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበትን ሰሜን ቨርጂኒያን የሚዳኘው የአሌክሳንድሪያው ፌዴራል ፍርድ ቤት ደግሞ ጉዳይ በመጨረስ ፍጥነቱ ከመታወቁ የተነሣ የሕግ ሰዎች ከሮኬት ጋር ያመሳስሉታል። ነገሩ እስኪረጋጋ ድረስ ጠበቃ መፈለጉን ያቆየ ቤተሰብ ያኔውኑ ዘግይቷል።

ዋናው የዐቃቤ ሕጉ ጉልበት ግን በቅጣቱ ላይ ነው። ኮንግረስ ለአንዳንድ ወንጀሎች ዳኛው ዝቅ ሊያደርገው የማይችል አስገዳጅ መነሻ ቅጣት ወስኗል። ለ500 ግራም ኮኬይን ዝውውር 5 ዓመት፣ ለ5 ኪሎ 10 ዓመት ነው። በዚሁ ወንጀል ወቅት ሽጉጥ ተይዞ ከተገኘና ያ ክስ ከተጨመረ፣ ከሌላው ቅጣት በላይ የሚቆጠር ቢያንስ 5 ዓመት ይደመራል። በሕግ ከተፈቀዱ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር ዳኛው እጁ የታሰረ ነው። የትኛው ክስ ይቅረብ፣ የትኛው ይተው የሚለውን ግን የሚወስነው ዐቃቤ ሕጉ ብቻ ነው። አስገዳጅ መነሻ በሌለበት ጉዳይም 43 እርከን ያለው የቅጣት መመሪያ አለ። መመሪያው ከ2005 ወዲህ ዳኛውን አያስገድድም፤ ሆኖም ስሌቱ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ጥፋቱን ያመነ ሰው ሁለት ወይም ሦስት እርከን ይቀነስለታል። በዚህ ላይ በፌዴራል ሥርዓት ከኅዳር 1987 ወዲህ ለተፈጸመ ወንጀል በአመክሮ መፈታት ቀርቷል፤ በመልካም ጠባይ የሚቀነሰው በዓመት እስከ 54 ቀን ነው። አሥር ዓመት የተፈረደበት ሰው ስምንት ዓመት ተኩል ገደማ ይቀመጣል ማለት ነው።

ይህ ጉልበት በድርድር ጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። ኬንታኪ ውስጥ አንድ ሰው 88 ዶላር ከ30 ሳንቲም በሆነ ሐሰተኛ ቼክ ተከሰሰ። ዐቃቤ ሕጉ «ጥፋትህን ብታምን 5 ዓመት እጠይቅልሃለሁ፤ እከራከራለሁ ብትል ግን በደጋጋሚ ወንጀለኛነት እከስሃለሁ» አለው። ሰውየው ተከራከረ፤ ተሸነፈ፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1978 በአምስት ለአራት ድምፅ ዐቃቤ ሕጉ ያደረገው ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጋጭም ተባለ። ጉዳዩ የስቴት ቢሆንም ደንቡ ለፌዴራሉም ይሠራል። የመከራከር መብት በወረቀት ላይ አለ፤ በመብቱ የተጠቀመ ሰው ግን ተሸንፎ ሲገኝ ዋጋ ይከፍላል። ይህን የማያውቅ ተከሳሽ «እውነቴን ይዤ ዳኛ ፊት እቆማለሁ» ሲል ምን እያስያዘ እንደሆነ አልተረዳም።

እንግዲህ ወደ በሩ እንመለስ። ሁለት መርማሪዎች ይመጣሉ፤ መታወቂያ ያሳያሉ፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ «ጥቂት ጥያቄዎች ብቻ» ይላሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት መልሱን አስቀድመው የሚያውቁትን ነው። አንድ የሠራተኞች ማኅበር ኃላፊ ቤቱ መጥተው ከአንድ ድርጅት ገንዘብ ወይም ስጦታ ተቀብለህ ታውቃለህ ወይ ሲሉት «አይ» ብሎ መለሰ። መዝገቡ በእጃቸው ነበር። ለፌዴራል መርማሪ ሐሰት መናገር እስከ 5 ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ስለሆነ ያቺ አንዲት ቃል ራሷን የቻለች ክስ ሆነች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1998 አጸናት። ቃለ መሐላ አልነበረም፤ የተፈረመ ወረቀት አልነበረም። ከአፍ የወጣ አፋፍ የምንለው ይህን ነው። ብዙ ሰው «መብቴን ሳያነቡልኝ የተናገርኩት አይያዝብኝም» ይላል፤ ይህም ስህተት ነው። በ1966ቱ የሚራንዳ ውሳኔ መብት የሚነበበው በቁጥጥር ሥር ውሎ ለሚመረመር ሰው ነው፤ ሳሎኑ ተቀምጦ በፈቃዱ ለሚያወራ አይነበብም። ዝም ማለትም በቃል መነገር አለበት። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በፈቃዱ ለፖሊስ እየመለሰ ሳለ አንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ዝም ያለን ሰው ዝምታ ዐቃቤ ሕግ እንደ ማስረጃ ሊያነሣው ይችላል ብሏል፤ ሰውየው መብቴን እጠቀማለሁ ብሎ አልተናገረምና። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ አጭርና ጨዋ ነው፦ «ጠበቃዬን ሳላማክር አልናገርም።» ከዚያ በኋላ ሻይ ማቅረብም፣ ነገሩን ማለዘብም፣ «ብቻ አንድ ነገር ልበላችሁ» ማለትም አያስፈልግም።

«ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?» የሚል ተቃውሞ እዚህ ላይ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ጨዋ ነው፤ ነገር ግን ሰው ንጹሕ መሆኑን የሚያውቀው ወንጀሉ ምን እንደሆነ ሲያውቅ ነው። የእቁብ ዕጣ የደረሰውን ሰው እንውሰድ። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ባንክ ሲገባ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ሰውየው ገንዘቡ የላቡ ነው፤ ግን «ሪፖርት ከሚደረግብኝ» ብሎ ዛሬ 9,000፣ ከነገ ወዲያ 8,500 እያደረገ ቢያስገባ፣ ያንን ሪፖርት ለመሸሽ መከፋፈሉ ብቻውን እስከ 5 ዓመት የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ነው። ገንዘቡ ንጹሕ መሆኑ አያድነውም። በ1994 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተከሳሹ መከፋፈሉ ሕገ ወጥ መሆኑን ማወቁ መረጋገጥ አለበት ብሎ ነበር፤ ኮንግረስ በዚያው ዓመት ሕጉን ለውጦ ያንን መከላከያ አነሣው። ያለ ፈቃድ የሰውን ገንዘብ ተቀብሎ አገር ቤት ማስተላለፍን እንደ ሥራ የያዘም እንዲሁ ነው፤ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አላውቅም ነበር ማለት በፌዴራሉ ሕግ መከላከያ አይሆነውም። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ መርማሪ ፊት ተቀምጦ በቅን ልብ «እኔ እኮ የከፋፈልኩት ሪፖርት እንዳይደረግብኝ ብዬ ነው» ቢል ራሱን የተከላከለ ይመስለዋል። ዐቃቤ ሕጉ የጎደለውን ማስረጃ ግን በገዛ አፉ ሰጥቶታል።

በባህላችን የሚያኮራንና እዚያ የሚያስጠይቀን ሌላም ልማድ አለ። ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይላካል፤ በዳይ ካሣ ይከፍላል፤ ተበዳይ ይቅር ይላል። በፌዴራል የወንጀል ክስ ግን ከሳሹ መንግሥት ነው፤ የግል ተበዳይ ይቅር ማለቱ ክሱን አያቆመውም። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ምስክሩን «ተው፣ ወንድምህ ነው፣ ቃልህን ለውጥ» ወይም «በቀጠሮው ቀን አትገኝ» ብሎ ቢያግባባ፣ ሽምግልና ያለው ነገር ምስክርን በማባበል እስከ 20 ዓመት ሊያስቀጣ ይችላል። ከእስር ቤት የሚደወል ስልክም ይቀዳል፤ በአማርኛ መነጋገር ከመተርጎም አያድንም። ቤተሰብ ለታሰረው ሰው ማድረግ የሚችለው ትልቁ ደግነት ስለ ጉዳዩ በስልክ አለመጠየቅ፣ ወደ ምስክር አለመጠጋትና ጠበቃ በፍጥነት ማገናኘት ነው።

ስለ ጠበቃ ከተነሣ ደግሞ በወገኖቻችን ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ ጥርጣሬ አለ፦ «መንግሥት የሚከሰኝ፣ መንግሥት የሚቀጥርልኝ ጠበቃ እንዴት ለእኔ ይቆማል?» ከመጣንበት ታሪክ አንጻር ጥርጣሬው ይገባኛል። ነገር ግን በፌዴራል ፍርድ ቤት ለድሃ ተከሳሽ ጠበቃ የማቆም ግዴታ ከ1938 ጀምሮ የጸና ነው፤ በ1964 የወጣ ሕግም ክፍያውን አደራጅቶታል። የፌዴራል ተከላካይ ጠበቆች በጀት የሚመጣው በፍርድ ቤቶቹ በኩል እንጂ ዐቃቤ ሕጎቹ ከሚሠሩበት የፍትሕ ሚኒስቴር አይደለም። ዕለት ተዕለት እዚያው ችሎት የሚውሉ፣ የዳኞቹን ጠባይና የመመሪያውን ስሌት በቅርብ የሚያውቁ ናቸው። ቤተሰብ ቤቱን አስይዞ የፌዴራል ጉዳይ ይዞ የማያውቅ የትራፊክ ወይም የፍቺ ጠበቃ ከሚቀጥር፣ ይህን ጠበቃ አምኖ እውነቱን ቢነግረው ይሻለዋል። በዝምታ የሚጠበቀው እውነት መውጫው እዚህ ነው። ለጠበቃ የተነገረ ምስጢር በሕግ የተጠበቀ ነው።

የድርድሩ ቀን ሲደርስ ነገሩ ምን እንደሚመስል በቅርብ ማየት ይጠቅማል። ተከሳሹ ከጠበቃው ጎን ይቆማል፤ አስተርጓሚ አጠገቡ ሆኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይተረጉማል። ዳኛው ይጠይቃሉ፦ እስከ ስንተኛ ክፍል ተማርክ? መድኃኒት ወስደሃል? ሰነዱን ከጠበቃህ ጋር አንብበሃል? ያስፈራራህ ወይም ከሰነዱ ውጭ ቃል የገባልህ ሰው አለ? በጁሪ የመዳኘት መብትህን እንደምትተው ገብቶሃል? ዜጋ ካልሆንክ ከአገር ልትባረር እንደምትችል ታውቃለህ? ትልቅ ሰው ሲጠይቀን «እሺ» ማለት ያደግንበት ትሕትና ነው፤ «እሺ» ስንል ሰማሁ፣ አከበርኩ ማለታችን ነው። በዚያ ክፍል ግን እያንዳንዷ «አዎ» መብት የተውንባት ፊርማ ናት። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» በሽማግሌ ፊት ነገር ያበርዳል፤ በዳኛ ፊት ግን ዕድሜ ልክ የሚከተል የወንጀል መዝገብ ይከፍታል። ዳኛው የእምነቱን ቃል ከተቀበሉ በኋላ ሐሳብ መለወጥ እጅግ ከባድ ነው። የፌዴራሉ የአስተርጓሚነት ብቃት ፈተና ዛሬ የሚሰጠው ለስፓኒሽ ብቻ በመሆኑ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ ብቃት ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ ያልገባው ሰው «አልገባኝም፣ ይደገምልኝ» ማለት አለበት። የሚያሳፍረው ነገሩ ሳይገባ ማመን ነው።

የስደተኛው ቅጣት ደግሞ በእስሩ አያበቃም። በ13 ዓመቱ ከደቡብ ኮሪያ የመጣ፣ ሜምፊስ ውስጥ ምግብ ቤቶች የነበሩት አንድ ሰው በፌዴራል የአደንዛዥ ዕፅ ክስ ተያዘ። ጠበቃው «ብታምን ከአገር አያስወጣህም» ስላለው አመነ፤ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ተፈረደበት። በእውነቱ ግን ያመነበት ወንጀል መባረርን የሚያስከትል ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2017 እምነቱ እንዲሻር ተወሰነለት። የማሸነፍ ተስፋው የመነመነ ቢሆንም፣ ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የኖረበትን አገር የሚያሳጣው መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ክርክሩን ይመርጥ እንደነበር ፍርድ ቤቱ ተቀበለ። ጠበቃ ለደንበኛው ይህን መዘዝ የመንገር ግዴታ እንዳለበት በ2010 ተወስኖ ነበር። በሰነዱ የሚጻፈው ቁጥርም ራሱ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። በማጭበርበር ክስ በተጠቂው ላይ የደረሰው ኪሳራ ከ10,000 ዶላር ካለፈ፣ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው የመባረር አደጋው እጅግ ከፍ ይላል። ስለዚህ በድርድሩ ሰነድ ላይ የሚጻፈው አንድ አኃዝ ከእስሩ ርዝመት በላይ ቤተሰብን ሊበትን ወይም ሊያቆይ ይችላል። ተከላካይ ማለት ነጻ የሚያስወጣ ብቻ አይደለም፤ ይህን አኃዝ፣ የክሱን አንቀጽ፣ የሰነዱን ቃል አንድ በአንድ የሚታገል ነው።

ይህን ሥርዓት የሚደግፉ ሰዎች ጠንካራ መልስ አላቸው። የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ማስረጃው የበሰለለትን ጉዳይ ብቻ ስለሚመርጥ ብዙዎቹ ተከሳሾች በእርግጥ ጥፋተኛ ናቸው፤ ድርድሩም ቅጣት ያቀልላቸዋል፤ ሁሉም ይከራከር ቢባል ፍርድ ቤቱ አይችለውም ይላሉ። የመጀመሪያው እውነትነት አለው፤ ብዙዎቹ ጥፋተኛ ናቸው። ነገር ግን የቅጣት ቅነሳው ልክ ሲያጣ ንጹሑንም ጥፋተኛውንም በአንድ በር ያስገባል። የኒው ዮርኩ የፌዴራል ዳኛ ጄድ ራኮፍ በ2014 ንጹሐን ለምን ጥፋተኛ ነን እንደሚሉ በጻፉት ጽሑፍ ያሳሰባቸው ይኸው ነው፤ ሃያ ዓመትና ሁለት ዓመት ፊቱ የተደረደረለት ሰው የሚመርጠው እውነቱን ሳይሆን የሚችለውን ነው። ጥፋተኛነታቸውን አምነው ታስረው ከዓመታት በኋላ ንጹሕነታቸው የተረጋገጠላቸው ሰዎች በአገሪቱ መዝገብ ላይ አሉ። ፍርድ ቤቱ አይችለውም የሚለውም ሥርዓቱ በተከሳሾች ፍርሃት ላይ መቆሙን ከማመን አይለይም። ሕጉ እስኪስተካከል ድረስ ግን ተከሳሹ የሚቆመው ዛሬ ባለው ሕግ ፊት ነው፤ ማወቅ ያለበትም እሱን ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከራሳችን ልብ የሚነሣ ነው፦ ዝም በሉ ማለት ወንጀለኛን መሸሸግ አይሆንም ወይ? እኛ ግን ማንም እንዲያስተምረን የማያስፈልገን ነገር እናውቃለን። በቀይ ሽብር ዘመን ሰው ተገርፎ ቃሉን ሰጥቷል፤ ባልሠራው ፈርሟል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው የደነገገውና ተገዶ የተሰጠን ቃል የከለከለው ከንቱ አይደለም። ከዚያው ዘመን የመጣ አንድ ጉዳይም ዴንቨር ላይ ታይቷል። በከፍተኛ 15 እስር ቤት ሰው በማሠቃየት የተመሰከረበት የቀድሞ ጠባቂ፣ በሌላ ሰው ማንነት አሜሪካ ገብቶ ዜግነት በማግኘቱ በፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሰሰ። ጠበቃ ነበረው፤ የጁሪ ክርክር ነበረው፤ ከመከራው የተረፉ ሰዎች ፊት ለፊቱ ቆመው መሰከሩ። ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2014 የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ይግባኙም ውድቅ ሆነ። የተረፉት ሰዎች ያገኙት ፍርድ ማንም ሊያፈርሰው ያልቻለው፣ እነሱ ያልተሰጣቸው መብት ለመሰከሩበት ሰው ስለተሰጠው ነው። መብቱ ለዚያ ሰው ከተገባ፣ እቁቡን ከፋፍሎ ላስገባ ባለ ሱቅ እንዴት አይገባም?

ስለዚህ ይህ እውቀት ከጠበቆች ቢሮ ወጥቶ ሰው በሚሰበሰብበት መነገር አለበት። ዕድር የተመሠረተው መከራ ሳይመጣ ለመከራ ለመዘጋጀት ነው፤ ድንኳኑ የሚገዛው ሰው ከመሞቱ በፊት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ የዕድሩ ስብሰባ በዓመት አንድ ቀን ለዚህ ጉዳይ ይስጥ። የፌዴራል ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃና የኢሚግሬሽን ጠበቃ አብረው ተጋብዘው ያስተምሩ፤ ስልካቸው ከዕድሩ መዝገብ ጋር ይቀመጥ። እንግሊዝኛ የማይናገሩት እናትና አባት «ጠበቃዬን ሳላማክር አልናገርም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ተጽፎላቸው በር አጠገብ ይለጥፉት። በበላ ልበልሃ ያደገ ሕዝብ አንደበቱን እንዲጥል ማንም አይጠይቀውም። ያ አንደበት ጠበቃው ቢሮ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ነገሩ ከሥር ከመሠረቱ ሲነገር ቦታውን ያገኛል።